የትንንሽ መኪናዎች ታሪክ፤ ከፊሸር የወጣቶች ማኅበር እስከ ፕላስቲኩ ሣጥን

የታሪክ ተማሪ ስለ ልጆች መጫወቻ እጽፋለሁ ብሎ ሲነሣ ጓደኞቹ ፈገግ ማለታቸው አይቀርም። እኔም የዚህን ጽሑፍ አሳብ ባቀረብኩ ጊዜ «ነገሥታቱና ጦርነቶቹ ተጽፈው አለቁና ነውን ወደ አሻንጉሊት መኪና የወረድከው?» ያለኝ ጓደኛ ነበር። መልሴ አጭር ነው። አንድ ትልቅ ኢንዱስትሪ ለልጆች ምን እንደ ሰጣቸውና ከእነርሱ ምን እንደ ወሰደ መመርመር የታሪክ ሥራ ነው፤ የዕቃው ትንሽነት ጥያቄውን አያሳንሰውም።

በመካከላችን በልጅነቱ የሽቦ መኪና ያልሠራ ጥቂት ነው። የተጣመመውን ሽቦ በድንጋይ እየቀጠቀጥን እናቃና ነበር፤ ጎማውን ከቆርኪ ወይም ካረጀ ጫማ ሶል እንቈርጥ ነበር። ዓይናችንን የምንጥለው ግን በመንገዱ ላይ በሚያልፈው እውነተኛ የጭነት መኪና ላይ ነው፤ እርሱን አይተን የእርሱን መልክ እንሠራለን። ከዚህም የተነሣ አምሳያ ሁልጊዜ ከእውነተኛው በኋላ የሚመጣ፣ የእርሱ ጥላ የሆነ ነገር ይመስለናል። መኪና በብዛት በሚሠራባት በዲትሮይት ከተማ ግን ነገሩ የተገለበጠ ነበር። በዚያ አምሳያው ይቀድማል፤ እውነተኛው መኪና ይከተላል። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው አምሳያው ቀዳሚ ስለ ነበረበት ዘመን፣ በኋላም እንዴት ተከታይ እንደ ሆነ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ነገሩ በገበያ ይጀምራል። በ1920ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በአሜሪካ አገር መኪና ለመግዛት ዐቅም ካለው ሰው ብዙው ገዝቶ ነበር። ሄንሪ ፎርድ ለብዙ ዓመት አንድ ዓይነት መኪና በአንድ ጥቁር ቀለም እየሠሩ በርካሽ ሲሸጡ ቆይተዋል። የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ አለቃ አልፍሬድ ስሎን ግን መኪና ያለው ሰው ሌላ እንዲገዛ ከተፈለገ የፊተኛው መኪናው ገና ሳይሰበር እንዲሰለቸው ማድረግ እንደሚያሻ ተረዱ። ይህም በየዓመቱ መልክ በመለወጥ የሚፈጸም ነው። ስለዚህ በ1927 ሃርሊ ኧርል የሚባሉትን ሰው ከካሊፎርኒያ አስመጥተው ስለ መልክና ስለ ቀለም ብቻ የሚያስብ አንድ ክፍል አቋቋሙላቸው። ኧርል የሠረገላ ሠሪ ልጅ ሲሆኑ፣ በአባታቸው ቤት ለሲኒማ ተዋናዮች የመኪና አካል ያሠሩ ነበር። ወደ ዲትሮይት ይዘውት የመጡት ዋና መሣሪያ ጭቃ ነው።

ይህን ቃል ያለ አግባብ አልተጠቀምኩም። ከእርሳቸው በፊት የመኪና አካል የሚታሰበው በወረቀት ላይ ሲሆን፣ ወረቀት ደግሞ ብርሃን በኮፈኑ ላይ እንዴት እንደሚወርድና ፓራፋንጎው ከስፖርቴሎው ጋር እንዴት እንደሚጋጠም አያሳይም። ለቅርጽ ሥራ የተዘጋጀው ጭቃ ግን በእጅ ይጨመርበታል፣ በካራ ይቀነስለታል። መጀመሪያ በትንሽ ልክ፣ ቀጥሎ በሙሉ ልክ ይሠራል፤ አለቆቹ በዙሪያው ዞረው ካዩትና ከፈቀዱት በኋላ ነው ብረቱ የሚቈረጠው። በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ የነዳው መኪና ሁሉ አስቀድሞ አንድ ሰው በእጁ ያሻሸው ጭቃ ነበር ማለት ነው።

ቀለሙም በዚሁ ዘመን ተለወጠ። የጥንቱ ቬርኒሽ በብሩሽ ተቀብቶ እስኪደርቅ ድረስ አንድ መኪና ለሳምንታት በፋብሪካው ውስጥ ይቀመጥ ነበር። የዱፖንት ኩባንያ ዱኮ የተባለውን ፈጥኖ የሚደርቅ ቀለም በ1923 ካወጣና ኦክላንድ የተባለው መኪና ለ1924 በሰማያዊ ቀለሙ ተቀብቶ ከቀረበ በኋላ ግን የቀናት ሥራ ብቻ ሆነ፤ ቀለምን መምረጥም ለተራው ሰው የሚቻል ሆነ። ይህን የማነሣው በኋላ ልጆቹ በየቤታቸው ጓዳ የረጩት ቀለም የዚሁ ዓይነት ስለ ሆነ ነው።

አሁን ወደ ልጆቹ እንምጣ። የፊሸር ወንድማማቾች የኦሃዮ ክፍለ ሀገር ሰዎች ሲሆኑ ቤተ ሰባቸው ሠረገላ ሠሪ ነበረ። በ1908 በዲትሮይት የመኪና አካል የሚሠራ ኩባንያ አቋቋሙ። ጄኔራል ሞተርስ በ1919 ከግማሽ የሚበልጠውን ድርሻ፣ በ1926 የቀረውን ገዛ። የኩባንያው ምልክት የናፖሌዎን ሠረገላ ሥዕል ነበር፤ ያለ ምክንያትም አልተመረጠም። የዚያ ጊዜ የመኪና አካል የእንጨት አጥንት ያለው፣ በላሜራ የተለበሰ፣ ውስጡ በጨርቅ የተሸፈነ ስለ ነበረ ያለ አናጢ፣ ያለ ባትላሜራ፣ ያለ ሰፊና ያለ ቀለም ቀቢ አይቆምም። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ደግሞ እያነሰ ሄደ።

በ1930 ኩባንያው «የፊሸር ቦዲ የእጅ ጥበበኞች ማኅበር» ብሎ የሰየመውን የወጣቶች ማኅበር አወጀ። ወንዶች ልጆች በጄኔራል ሞተርስ መኪና መሸጫ ቤቶች እየተመዘገቡ አባል ይሆናሉ። የሠረገላው ንድፍና መመሪያ ይሰጣቸዋል፤ ከዚያ በኋላ የናፖሌዎንን ሠረገላ በትንሽ ልክ ሠርተው ለውድድር ያቀርባሉ። በ1931 በመላው አገር ለበለጡት አራት ልጆች ለእያንዳንዳቸው የ5,000 ዶላር የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍያ ተሰጠ። የገንዘቡን ክብደት ለመረዳት በዚያ ጊዜ አዲስ የፎርድ መኪና በ500 ዶላር ገደማ ይገዛ እንደ ነበረ ማስታወስ ይበቃል። ዓመቱም ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት የበረታበት፣ አባቶች ከሥራ የተባረሩበት ዓመት ነው። ለብዙ ቤት ልጅን ዩኒቨርሲቲ ማስገባት እንደ ሕልም በሚታይበት ጊዜ፣ መንገዱ በአንድ ሣጥን ውስጥ በሚገባ ሠረገላ በኩል ሊያልፍ ይችላል ተባለ።

ሠረገላው ቀላል ሥራ አልነበረም። የመንኰራኵሩ ዘንጎች አንድ በአንድ ይጠረባሉ፤ የወርቅ መልክ ያለው ጌጥ በብረት ወይም በእንጨት ይቀረጻል፤ መቀመጫው በጨርቅ ይለበጣል፤ በመጨረሻም ሁሉ ቀለም ይቀባል። አናጢነት፣ ብረት ሥራ፣ ልብስ ስፌትና ቀለም ቅብ በአንድ ልጅ እጅ ውስጥ ይገናኛሉ። እነዚህ አራቱ ደግሞ የፊሸር ፋብሪካ የሚፈልጋቸው የራሱ ሙያዎች መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል። ይሁን እንጂ ሠረገላው ከልጁ አንድ ነገር አይጠይቅም፤ ይኸውም ፈጠራ ነው። ዳኛው የሚመዝነው ሥራው ከንድፉ ጋር መስማማቱን ነው።

በ1937 ሌላ ዓይነት ውድድር ተጨመረ። ልጁ የራሱን መኪና አስቦ በ1/12 ልክ ይሥራ ተባለ፤ ማለት እውነተኛው 12 ክንድ ቢሆን የእርሱ 1 ክንድ ይሆናል። ጦርነቱ ውድድሩን ካቋረጠውና ሰላም ከተመለሰ በኋላ ሠረገላው ፈጽሞ ቀርቶ መኪናው ብቻ ቀጠለ። በእኔ ግምት የማኅበሩ እውነተኛ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ አሁን ልጁ የሚቀዳው ነገር በፊቱ የለምና።

አሠራሩን በጥቂቱ ልግለጽ። ልጁ በመጀመሪያ በወረቀት ይሥላል፤ ብዙ ጊዜም እንደ ኧርል ሠራተኞች በጭቃ ይሞክራል። ከዚያም ሳንቃዎችን በማጣበቂያ አነባብሮ አንድ ወፍራም ጉማጅ ያደርጋል፤ ሌላው ጀሶ ወይም የባልሳ እንጨት ይመርጣል። በመጋዝ፣ በመሮና በሞረድ ይጠርባል። ትልቁ ፈተና ቀኙንና ግራውን ማስማማት ነው። ዓይን በቀላሉ ይታለላልና ከካርቶን መለኪያ ቈርጦ ከቀኝ ወደ ግራ እያዛወረ ይለካል፤ በአንዱ ጐን ጥቂት የተረፈ እንደ ሆነ መላው መኪና የተንጋደደ ይመስላል። ፓራውልቱንና ሌላውን የሚያበራ ጌጥ ከናስ ወይም ከአሉሚነም ሞርዶ ያወለውላል።

ከዚያ ቀለሙ ይመጣል፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ያልተቀባ እንጨት ጥፋቱን ይሸፍናል፤ የሚያበራ ቀለም ግን ይናገርበታል። ስለዚህ አስቀድሞ የእንጨቱ ቀዳዳ በማሸጊያ ይደፈናል፤ ከዚያ የመሠረት ቀለም ይረጫል፤ በዚህ ጊዜ ያልታየው ጭረትና ጐድጓዳ ሁሉ ብቅ ይላል። ስቱኮ ይሞላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ እንደገና ይረጫል። ዋናው ቀለም በስሱ ደጋግሞ ይደረባል፤ በድርቦቹም መካከል በውኃ እየታጠበ በደቃቅ ወረቀት ይለሰልሳል። የሚቸኵል ልጅ በአንድ ጊዜ አወፍሮ ረጭቶ ሲንጠባጠብበት የወራት ድካሙን በአንድ ማታ ያጣል። በዚህ ላይ በእውነተኛው መኪና የሌለ አንድ ችግር አለ። እንጨቱ፣ ብረቱ፣ መስኮቱ ሁሉ አሥራ ሁለት ጊዜ ሊያንስ ይችላል፤ ቀለም ግን አይቀነስም። ለትልቁ መኪና የሚበቃው ውፍረት በትንሹ ላይ የስፖርቴሎውን መስመር ይደፍነዋል፣ ጠርዙን ያደነዝዘዋል። በቀለሙ ውስጥ የብረት ብናኝ ካለ ደግሞ በትልቁ ላይ ብልጭታ የነበረው በትንሹ ላይ ጠጠር ይመስላል። ስለዚህ ጥሩ ቀቢ ማለት ቀለም አለመኖሩ እስኪጠረጠር ድረስ አሳንሶ የሚቀባ ነው። ይህን የሚያስተምር መጽሐፍ ቢኖር እንኳ እጅ ካልሞከረው አይገባም።

እንግዲህ ይህ ትምህርት ነበርን ወይስ ማስታወቂያ? ጓደኞቼ ሁለት ወገን ሆነው የተከራከሩኝ በዚህ ነጥብ ነው። ማስታወቂያ መሆኑን መካድ አይቻልም። ልጁ በመሸጫ ቤት ሲመዘገብ አባቱ አዲሱን ቢዊክ ማየቱ አይቀርም፤ የኩባንያው መልእክተኞችም በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ እየዞሩ ይናገሩ ነበር። በሌላ በኩል ከማኅበሩ የወጡት ሰዎች ሥራ ይመሰክራል። ቻርልስ ጆርዳን የካሊፎርኒያ ልጅ ነበር። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪ ሳለ በ1947 ትንሽ መኪና ሠርቶ በመላው አገር አንደኛ ወጣ። በ1949 ጄኔራል ሞተርስ ቀጠረው፤ ከ1986 እስከ 1992 ድረስ የኩባንያው የዲዛይን ምክትል ፕሬዚዳንት በመሆን ኧርል በነበሩበት ወንበር ተቀመጠ። ሌሎችም ብዙዎች በዚሁ በር ወደ ዲዛይን ክፍሎቹ ገብተዋል። ኩባንያው መጀመሪያ አናጢና ቀለም ቀቢ ፍለጋ መረቡን ጣለ፤ በመጨረሻ የያዘው ግን አሳቢዎችን ነው። ፋብሪካዎቹ ወደ ሙሉ የብረት አካል ሲዛወሩ አናጢው አላስፈለገም፤ መልክ የሚፈጥረው ግን ከቀድሞ ይልቅ ተፈለገ። ስለዚህ ሁለቱም ተከራካሪዎች እውነት አላቸው እላለሁ፤ የተሳሳተው አንዱን ለመምረጥ የሚገደድ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልወቅስ አላልፍም። ማኅበሩ ለወንዶች ልጆች ብቻ ነበር፤ እስከ ተዘጋበት ቀን ድረስም ደንቡ አልተለወጠም። ኧርል በ1950ዎቹ ዓመታት ሴት ዲዛይነሮችን ቀጥረው ነበር፤ የ5,000 ዶላሩ በር ግን ለእኅቶቻቸው አንድ ቀን እንኳ አልተከፈተም። «የወጣቶች ማኅበር» የሚለውን ስም ስናነብ ግማሾቹ ወጣቶች በውጭ እንደ ነበሩ መርሳት አይገባም።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህ ጐን ለጐን የተጓዘ ነው። በ1948 በዲትሮይት አካባቢ «አሉሚነም ሞዴል ቶይስ» የሚባል፣ በአጭሩ «ኤ ኤም ቲ» የተባለ አነስተኛ ኩባንያ ተመሠረተ። ከአሉሚነም ጀምሮ ወዲያው ወደ ፕላስቲክ ዞረ። ሥራው በዚያ ዓመት የወጣውን መኪና በ1/25 ልክ አሳንሶ ለመሸጫ ቤቶች ማቅረብ ነበር። ትንሿ መኪና የፋብሪካውን ትክክለኛ ቀለም ለብሳ በሻጩ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች፤ ገዢው በቀለም ይመርጥባታል፤ ልጁ ደግሞ ይዟት ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንግዲህ አንድ መኪና ሳይወለድ በፊት በጭቃ፣ ከተወለደ በኋላ በፕላስቲክ፣ ሁለት ጊዜ በአምሳያ ይታይ ነበር። የመጀመሪያው የሚሠራው እንዲወሰን ነው፤ ሁለተኛው እንዲሸጥ። የመጀመሪያዎቹ ፕላስቲኮች ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ እየተጣመሙ መካከላቸው ያብጥ ነበር፤ ዛሬ ሰብሳቢዎች ቀጥ ያለ ማግኘት ይቸግራቸዋል።

ካሊፎርኒያ ያለው የሬቬል ኩባንያ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የጥንት መኪናዎችን በተበታተነ መልክ በሣጥን መሸጥ ጀምሮ ነበር። «ኤ ኤም ቲ»ም በ1958 የመሸጫ ቤቱን ትንሽ መኪና ሳይገጣጠም በሣጥን አደረገው። በአንዱ ሣጥን ውስጥ ለሦስት ዓይነት መኪና የሚሆን ክፍል ነበረ፤ ልጁ እንደ ፋብሪካው፣ ወይም እንደ ሰፈር ጐበዝ አሳምሮ፣ ወይም ለእሽቅድምድም አድርጎ መግጠም ይችላል። ዋጋው በልጅ የኪስ ገንዘብ የሚደረስበት ነው። ወራት የፈጀው ሥራ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ሆነ።

እዚህ ላይ «ሣጥኑ ጥበቡን ገደለው» ብሎ መደምደም ይቀላል፤ እኔም ጽሑፉን ስጀምር እንዲሁ አስቤ ነበር። ነገሩን በቅርብ ሳየው ግን ጥበቡ ቦታ ለወጠ እንጂ አልሞተም። ቅርጹን የብረት ማተሚያው ስለ ሠራ ለልጁ የተረፈለት ቀለሙ ነው፤ ስለዚህም ቀለሙ ዋናው ሥራ ሆነ። የፋብሪካ ላኬር ፕላስቲኩን እየበላ ፊቱን ያሻክራል። በዚህ ምክንያት በመጀመሪያ የሚከላከል መሠረት መቀባት ወይም ፕላስቲክ የማይጎዳ ቀለም መጠቀም ተማሩ። በኢሊኖይ ክፍለ ሀገር በሮክፎርድ ከተማ ኒልስ ቴስተር የተባሉ ስዊድናዊ በ1929 ያቋቋሙት ኩባንያ በትናንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው ቀለም በየልጁ ጠረጴዛ ላይ ተገኘ። ደፋሮቹም ከሁለት ሣጥን የወጣውን አካል ቈርጠው አንድ አድርገው፣ ጣሪያውን ዝቅ አድርገው፣ ኩባንያው ያላሰበውን መኪና አወጡ። ልዩነቱ ግን አለ። የፊሸር ልጅ ከባዶ ጉማጅ ይጀምራል፤ የሣጥኑ ልጅ ዲትሮይት አስቀድማ ከወሰነችው መልክ ይጀምራል። እጅግ የተለወጠው ሥራው እንኳ በሥሩ ፎርድ ወይም ሼቭሮሌ ነው።

ሣጥኑ ጣጣም አመጣ። ማጣበቂያው ቶሉዊን የሚባል የሚያሰክር ፈሳሽ ስለ ነበረበት፣ በ1960ዎቹ ዓመታት አንዳንድ ወጣቶች ሆን ብለው እያሸተቱት ታመሙበት፤ ጋዜጦችም ብዙ ጻፉበት። በ1969 የቴስተር ኩባንያ የሚያቃጥል የሰናፍጭ ዘይት በማጣበቂያው ላይ ጨመረበት። አፍንጫን የሚያባርር መድኃኒት መሆኑ ነው።

የፊሸር ማኅበር በ1968 ተዘጋ። ምክንያቱን በሣጥኑ ላይ ብቻ መጫን አይገባም። ወጣቱ በዚያ ዘመን ስለ ቬትናም ጦርነት ይከራከር ነበር፤ በአንድ ትልቅ ኩባንያ ግብዣ ላይ ክራባት አስሮ ሽልማት መቀበል የፊተኛውን ክብር አጥቶ ነበር። ዲዛይነር የሚያሠለጥኑ ትምህርት ቤቶችም ስለ በረቱ ኩባንያው ችሎታ ያለውን ሰው በሌላ መንገድ ያገኛል። ለሁለት ዓመት ያህል በትዕግሥት አንድ ጉማጅ የሚጠርብ ልጅ ማግኘት ግን ሣጥኑ በመደብር ከተደረደረ በኋላ የበለጠ ሳይከብድ አልቀረም።

በመጨረሻ ስለ ቅሪቱ ጥቂት ልበል። የ«ኤ ኤም ቲ» የብረት ማተሚያዎች የእውነተኛውን መኪና ዕጣ ተካፈሉ። ዲትሮይት በየዓመቱ መልኩን ስትለውጥ የትንሿም ማተሚያ እየተቈረጠና እየተሞላ ለአዲሱ ዓመት ይስተካከል ስለ ነበር፣ የፊተኛው ዓመት መኪና ዳግመኛ ሊታተም አይችልም። ሳይቈረጡ የተረፉት ግን እስከ ዛሬ ይሠራሉ፤ ስሙን የያዘው በኢንዲያና የሚገኝ ኩባንያ የ1960ዎቹን መኪናዎች በአሮጌው ሣጥን ሥዕል እንደገና ያወጣል፤ ከገዢዎቹም ብዙዎቹ ያን ጊዜ ልጆች የነበሩ ሽማግሌዎች ናቸው። የፊሸር ልጆች ሥራ ግን ማተሚያ የለውም፤ እያንዳንዱ አንድ ብቻ ነው። ከሠረገላዎቹ አንዳንዶቹ ዛሬ በዲርቦርን በሚገኘው ሙዚየም ውስጥ ይገኛሉ። ጄኔራል ሞተርስ ያሠራቸው ሥራዎች የተጠጉበት ይህ ሙዚየም የሚጠራው በሄንሪ ፎርድ ስም ነው።